ፕሮፔለሩን ከማጣበቃችሁ በፊት

የተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለሩን በጋዝ ተርባይን ሞተር የሚያዞር) ማሰልጠኛ አውሮፕላን ሞዴል የምትሠሩ ወዳጆች፣ አንዲት ነገር ልንገራችሁ። ሞዴሉ የሚታየው መሬት ላይ ቆሞ ነው ወይስ ሲበር? ፕሮፔለሩን ከማጣበቃችሁ በፊት ይሄን ወስኑ።

ፒላተስ ፒሲ-7፣ ፒሲ-9 እና የብራዚሉ ኢምብራየር ቱካኖ የሚበሩት በፒቲ6 ሞተር ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የፕሮፔለሩ የዘይት ግፊት ይወርዳል። ያኔ የፕሮፔለሩ ምላጮች (ክንፎቹ) ዞረው ቀጭን ጠርዛቸውን ወደ ፊት ያደርጋሉ። የቆመ ፒሲ-9 ላይ ሰፊ ምላጭ ከፊት ከታየ፣ የሚያውቅ ሰው ዓይን ወዲያው እዚያ ላይ ያርፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ምላጭ ከሥሩ ቁረጡ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፣ ሽቦ ክተቱበት፣ ከዚያ አዙራችሁ አጣብቁ። በ1፡72 መጠን (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ ሞዴል) ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ልፋቱ አያስቆጭም።

የእንግሊዞቹ ሾርት ቱካኖ ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ጋሬት ቲፒኢ331 ነው። እንደ ደንቡ ሲጠፋ ምላጮቹ ለቀጣዩ ማስነሻ እንዲመች ጠፍጣፋ ሆነው ይቆለፋሉ፤ ሰፊ ገጻቸው ከፊት ይታያል። የእሱን ምላጮች ቆርጣችሁ እንዳታዞሩ! ምላጮቹም አራት ናቸው፤ የብራዚሉ ሦስት ነው ያለው።

ጥቀርሻውንም አትርሱ። ፒቲ6 አየር የሚያስገባው ከኋላው ሲሆን ጭሱን የሚያወጣው ከፊቱ ነው። ለዚህ ነው የጭስ ቱቦዎቹ ከፕሮፔለሩ ጀርባ የተጠጉት። ጥቁር የፓስቴል ዱቄት ከቱቦው ወደ ኋላ በስሱ፣ ደጋግማችሁ ቀቡ።

አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመርም አለ፤ አለበለዚያ ሞዴሉ በጭራው ይቀመጣል። አካሉን ሳትዘጉ ሞክሩት።