የአንጓ አጥንቶች አልያዝ ብለውኝ ነበር

የእጅ አንጓን 8 አጥንቶች ለአራት ቀን ሸመደድኩ። ማታ ያነበብኩት ጠዋት ብን ይላል። በተለይ ትራፒዚየምና ትራፒዞይድ ይምታቱብኛል። ፍላሽ ካርድ ስሙን እንጂ ቦታውን አላስያዘኝም። የየቃሉ መነሻ ፊደል የአንድ አጥንት ስም የሚያስታውስበትን የእንግሊዝኛ ማስታወሻ ዓረፍተ ነገርም ያዝኩ፤ ከየት ወገን እንደሚጀመር ግን ጠፋኝ።

በመጨረሻ መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ በእስክሪብቶ እዚያው አንጓዬ ላይ ሳልኳቸው። አጥንቶቹ በሁለት ረድፍ ናቸው፤ ሁለቱም ረድፍ ከአውራ ጣት ወገን ይጀምራል፤ ቀድሞ ለክንድ የቀረበው። ከዚያ የራሴን ፈጠርኩ፦ «ሰኞ ሎሚ፣ ትናንት ፓፓያ፤ ትንሽ ትንሽ ኮክ፣ ሐብሐብ»። ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኩዌትረም፣ ፒሲፎርም፤ ትራፒዚየም፣ ትራፒዞይድ፣ ካፒቴት፣ ሃሜት። ትርጉም የለውም፣ ግን አይረሳም። ትራፒዚየም ከ«ታም» (በእንግሊዝኛ አውራ ጣት) ጋር ቤት ስለሚመታ አውራ ጣት ሥር ነው። ሃሜትንማ ማን ይረሳዋል፤ ትንሿ ጣት ሥር ተቀምጦ ያማል።