ትንሿ ኦርኪድ ሲጠማት ሥሯን እዩ

ቤት ውስጥ ፋሌኖፕሲስ የሚባሉትን ትንንሽ የኦርኪድ አበባዎች የምታሳድጉ፣ ውኃ የምታጠጡበትን ቀን ቆጥራችሁ አትወስኑ። ሥሯ ብርማ ግራጫ ከሆነ ጠምቷታል፤ አረንጓዴ ከሆነ ገና አልጠማትም። ለዚህ ነው ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ መትከያ የምመርጠው። መትከያዋ ትንሽ ስለሆነች ከትልልቆቹ ቶሎ ትደርቃለች፤ በየ2 ቀኑ እዩዋት።

እባካችሁ በአፈር አትትከሏት! በተፈጥሮዋ ዛፍ ላይ ተጣብቃ የምታድግ ናትና ሥሯ አየር ይፈልጋል፤ የተቆራረጠ የዛፍ ቅርፊት ይስማማታል። መትከያዋን 10 ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በደንብ አንጠፍጥፉ። ቅጠሎቿ መሃል ውኃ ከቀረ ወዲያው በሶፍት አድርቁት፤ ከመሃል የጀመረ መበስበስ ብዙ ጊዜ ተክሏን ይገድላል።

የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ይበቃታል። አበባዋ ሲረግፍም አትጣሏት፤ ቅጠሏ ጤነኛ ከሆነ እንደገና ታብባለች።