በትምህርት ቤት መጠለያ ውስጥ ወረርሽኝን ቀድሞ መያዝ

በአቃቂ፣ በቡራዩ ወይም በለገጣፎ በኩል ተፈናቃዮች ትምህርት ቤት ውስጥ ሲጠለሉ፣ የበሽታ ቅኝቱ ሰው መግባት በጀመረበት ዕለት ይጀመር። አንድ መዝገብ፣ ሒሳብ ያለው ስልክና ለየክፍሉ አንድ ተጠሪ ይበቃል። ተጠሪዋ እዚያው የምታድር እናት ብትሆን ይመረጣል፤ ሌሊት ማን ሲያስመልሰው እንዳደረ የምታውቀው እሷ ናት።

የበሽታ ስም እንድታውቅ አይጠበቅባትም። ምልክቱን ትናገር፦ በ24 ሰዓት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ትኩሳት ከሽፍታ ወይም ከአንገት መገተር ጋር፣ እጅ ወይም እግሩ በድንገት የዛለ ልጅ፣ ሞት። ክረምት ላይ ተጨናንቆ በሚታደርበት ቅማል ካለና ትኩሳት ከበዛ በቅማል የሚተላለፈውን የግርሻ ትኩሳትንም ጠርጥሩ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጠዋትና ማታ ክፍል ለክፍል ዞራ ለእያንዳንዱ ታማሚ አንድ መስመር ትሙላ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ክፍል፣ የሚጠጣው ውሃ፣ የኩፍኝ ክትባት፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህ የመጨረሻው ነው። መዝጋቢው ታማሚው የታየበትን ቀን ሲጽፍ፣ ለቀናት ሲዛመት የቆየው በሽታ በአንድ ቀን የፈነዳ ይመስላል፤ ምንጩን ማግኘትም ይከብዳል።

አንድ የተጠረጠረ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት)፣ ኩፍኝ ወይም የልጅ ሽባነት ከታየ ሁለተኛ ሰው እስኪታመም አትጠብቁ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለጤና ጣቢያው ደውሉ። ጥርጣሬው ስህተት ሆኖ ቢገኝ የሚጎዳ የለም፤ ዝምታ ግን ሕይወት ያስከፍላል። የአተት ናሙና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ተወስዶ ናሙና ማቆያና ማጓጓዣ በሆነው በካሪ ብሌር ይቀመጥ፤ ፍሪጅ አያስፈልገውም። ናሙና እየተጠበቀ ግን ታማሚው አይጠማ፤ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው አስጀምሩት።

ሳምንታዊው ሪፖርት ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ይይዛል። ታማሚ ከሌለ «0» ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ ሣጥን ማንም እንዳላየ እንጂ በሽታ እንደሌለ አያሳይም።

ቀን ቀን ለጉልበት ሥራ የሚወጣው ብዙ ስለሆነ የሰው ቆጠራው ማታ ይሁን። ከ10,000 ሰው በቀን 1 ሞት የአደጋ መነሻ ነው፤ 3,000 ሰው ባለበት መጠለያ በሳምንት ከ2 ሞት ካለፈ ያንን መነሻ አልፏል ማለት ነው። ቤተሰብ ቀብሩ እንዳይከለከል ፈርቶ ሞት ሊደብቅ ስለሚችል፣ የአካባቢውን ዕድርና የመቃብር ጠባቂዎችንም ጠይቁ።

በቅርብ ያሉትን የግል ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶችም አትርሱ። የኦአርኤስ ሽያጭ በድንገት ካሻቀበ፣ በዚያው ዕለት መጠለያውን እንደገና ክፍል ለክፍል ዙሩ።