ፍሪጅ ውስጥ የተረሳውን ምግብ እንዴት እናጣራ

ፍሪጅ ለመፈተሽ ጥሩው ጊዜ ቅበላ ነው፣ ሁዳዴ ከገባ በኋላ አይቡንም የተረፈውን ዶሮ ወጥም የተጀመረውን ማዮኔዝም 55 ቀን ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ለፋሲካ ሲወጣ ደሞ "ፍሪጅ ውስጥ ስለነበር ምንም አይለውም" ይባላል። ይለዋል እንጂ! ፍሪጅ ባክቴሪያን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም።

በቃ ሁሉንም አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩት፣ መደርደሪያውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ የበሩን ጎማ እጥፋትም እንዳትረሱ ሻጋታ እዛ ነው የሚደበቀው።

ወጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ነው፣ ከዛ ካለፈ ቀምሼ ልየው አትበሉ፣ አፍልቼ እበላዋለሁም አይሰራም ምክንያቱም አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። እንደማያልቅ ካወቃችሁ በተሰራበት ቀን ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። የሻገተ አይብና የሻገተ እንጀራ ደሞ የሻገተችዋን ቆርጦ ሌላውን መብላት የለም፣ ለስላሳ ነገር ስለሆነ ሻጋታው በአይን ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ ዘልቋል።

አሁን በጣም የምለምናችሁ ነገር፣ ያ ተፈጭቶ ዘይት ተደርጎበት ለወራት የሚቀመጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር ይዞት የሚመጣ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፣ የሚራባው አየር በሌለበት ነው፣ ዘይቱ ደሞ አየሩን ይዘጋለታል። የሚያመነጨው መርዝ ነርቭ ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም፣ ሽታም ጣዕምም ስለሌለው አሽትታችሁ አታውቁትም። ስለዚ ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን በላይ አታስቀምጡት፣ ብዙ መፍጨት ከፈለጋችሁ በበረዶ መስሪያው ላይ አድርጋችሁ አቀዝቅዙትና ድርቅ ሲል በፌስታል ፍሪዘር ውስጥ አኑሩት፣ ለወጥ አንድ አንድ እያወጡ መጣል ነው፣ እንደውም ይቀላል። ዘይት የገባበት ዳጣም እንደዛው ነው።

ካቻፕ ከተከፈተ 6 ወር ገደማ፣ ማዮኔዝ 2 ወር። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮው ከተከፈተ በብርጭቆ ዕቃ ገልብጡትና በ5 ቀን ውስጥ ጨርሱት። ዕቃው ላይ የታተመው ቀን ላልተከፈተ ነው፣ ስለዚ የከፈታችሁበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ከውጭ የመጣ ከሆነ ደሞ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በኛ አስባችሁ 7 እና 8 አመት የቀረው እንዳይመስላችሁ።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24። ለበዓል ክፍለ ሀገር የምትሄዱ ከሆነ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አድርጉ፣ በረዶ ሲሆን ሳንቲም ከላዩ አስቀምጡበት። ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ውስጥ ሰምጦ ካገኛችሁት ስጋው አሁን ድንጋይ ቢሆንም መሀል ላይ ቀልጦ ነበር ማለት ነው፣ ጣሉት።