የክላሱን በር ለማን እንክፈት? ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮግራሚንግ የሚጀምሩ ልጆችን አግዛለሁ። የምንለማመደው በዕቁብ ነው። ከፒያሳ አሞራ ገደል የሚመላለሱ የባጃጅ ሹፌሮች የሚጥሉትን ዕቁብ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም በጃቫ እንጽፋለን። ልጆቹ ይለዋወጣሉ፣ ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው። ሁሉም የሚነሱት ክላስ (መረጃንና በእሱ ላይ የሚሠራውን ኮድ አንድ ላይ የሚይዝ የፕሮግራም ክፍል) ውስጥ ያለውን ማን ይንካው ከሚለው ነው።

አንደኛው ሁሉንም ነገር ፐብሊክ፣ ማለትም ከየትኛውም ክላስ የሚነካ፣ ማድረግ ነው። «ለጊዜው ይሥራልኝ፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ» ይባላል። አንድ ቀን የተጠራቀመው ብር ከዜሮ በታች ወርዶ አገኘነው። ማን እንደቀነሰው ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ብሩ የተቀመጠበት ቫሪያብል (መረጃ መያዣ) ክፍት ስለነበር ከየፋይሉ ይነካካል። ፕራይቬት (ከራሱ ክላስ ውጭ የማይነካ) ሆኖ «መዋጮ ተቀበል» እና «ለባለ ዕጣ ክፈል» የሚሉ ሁለት ሜተዶች (የክላሱ ተግባራት) ብቻ ቢነኩት ኖሮ፣ የምንፈትሸውም ሁለት ቦታ ብቻ ነበር።

ፐብሊክም ፕራይቬትም ሳይጽፉ መተውም ያሳስታል። ጃቫ ላይ ባዶ ከተተወ የአንድ ፓኬጅ (አብረው የተመደቡ ክላሶች ስብስብ) ክላሶች ሁሉ ያገኙታል። ሲ ሻርፕ ላይ የክላስ አባል ፕራይቬት ይሆናል፣ ኮትሊን ላይ ደግሞ ፐብሊክ። ቋንቋ ስትቀይሩ ይህን አረጋግጡ።

ሁለተኛው ፕራይቬት ካደረጉ በኋላ ለሁሉም ሴተር (ከውጭ ዋጋውን የሚቀይር ሜተድ) መደርደር ነው። የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን መክፈት ማለት ነው። ለተጠራቀመው ብር ሴተር አያስፈልገውም። የዕቁብተኛው ስልክ ግን ሊቀየር ይችላል፤ ለእሱ ሴተር ይኑር፣ ቁጥሩ 10 አኃዝ መሆኑን፣ በ09 ወይም በ07 መጀመሩንም ይፈትሽ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ቀጣዩን ነው። የዕቁብተኞቹ ዝርዝር ፕራይቬት ነው፣ ጌተሩ (ለሌላ ክላስ አውጥቶ የሚሰጠው ሜተድ) ግን ዝርዝሩን ራሱን ያወጣል። የተቀበለው ክላስ ዝርዝሩን ባዶ ቢያደርገው ዕቁባችን ያለ ሰው ቀረ። የዕቁቡ ጸሐፊ «መዝገቡን አሳየኝ» ሲባል ዋናውን ደብተር ከነእስክሪብቶው እንደ መስጠት ነው። ኮፒ ይስጥ! ከጃቫ 10 ጀምሮ «ሊስት ኮፒ ኦፍ» (List.copyOf) የማይለወጥ ኮፒ ያወጣል። ጥንቃቄ ግን አለው፦ ኮፒ የሚሆነው ዝርዝሩ እንጂ ውስጡ ያሉት ኦብጀክቶች (ከክላስ የተፈጠሩት እያንዳንዱ ዕቁብተኞች) አይደሉም። ዕቁብተኛው ራሱ ሴተር ካለው ስሙ አሁንም በዚያ በኩል ሊቀየር ይችላል።

ሌላውን የፈቃድ ዓይነት፣ ፕሮቴክትድን፣ «ለልጅ ክላሶች (ከሌላ ክላስ ለሚወርሱ) ብቻ» ብሎ መያዝም ስህተት ነው። ጃቫ ላይ በዚያው ፓኬጅ ያሉ ክላሶች ሁሉ ያገኙታል።

ወደ ፓይተን የሚሄዱ ደግሞ ከስም ፊት አንድ የሥር መስመር (_) አድርገው የቆለፉ ይመስላቸዋል። ስምምነት እንጂ ቁልፍ አይደለም። ሁለት መስመር ሲሆን ፓይተን የክላሱን ስም ከፊት ይጨምርበታል፤ ዓላማው የልጅ ክላስ ስሞች እንዳይጋጩ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው። ፕራይቬትን እንደ ሚስጥር መጠበቂያ የሚያዩ አሉ። ፕራይቬት የሚጠብቀው ኮዳችንን ከራሳችንና ከባልደረቦቻችን ስህተት ነው። ጃቫ ላይ በሪፍሌክሽን (ፕሮግራም ሲሠራ የክላስን ውስጥ የሚመረምርበት መንገድ) ሊነበብ ይችላል፤ የተጫነ አፕን ፈትቶ ውስጡን ማየትም አይከብድም። የዳታቤዝ ፓስወርድ ፕራይቬት ቫሪያብል ውስጥ ጽፋችሁ አፑን ለሹፌሮቹ ስልክ ካደላችሁ፣ ፓስወርዱንም አብራችሁ አድላችኋል። አፑ ከሰርቨር ጋር ይነጋገር፣ ፓስወርዱ ግን ከሰርቨሩ አይውጣ።