በቤሪሊየም ሌንሶች የሚሠራ የኤክስሬይ ማይክሮስኮፕ፦ ከስሌት እስከ ፎከስ

የኤክስሬይ ፈልሳፊ ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ኤክስሬይን በሌንስ ለመሰብሰብ ሞክሮ አልሆነለትም። ጨረሩ በቁስ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰበረው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነውና። መላው የተገኘው በ1996 ፈረንሳይ ግሬኖብል ባለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ማፋጠኛ) ነው፤ አሉሚኒየም ላይ 30 ቀዳዳዎች በተርታ ተበሱና ጨረሩ በየቀዳዳው ጥቂት ጥቂት እየታጠፈ ተሰበሰበ። ዛሬ ከ40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረሩ ኢነርጂ መለኪያ) በታች የሚመረጠው ቀላሉ ብረት ቤሪሊየም ነው፤ ጨረሩን ብዙም አይውጥም። ቅርጹ ፓራቦላ ሲሆን፣ ከተለመደው ማጉያ በተቃራኒ መሃሉ የሰረጎደ ነው።

17 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልትን እንውሰድ። የቤሪሊየም ዴልታ፣ ማለትም ጨረሩን ምን ያህል እንደሚሰብር የሚያሳየው ቁጥር፣ እዚህ ላይ 0.00000118 ነው። የሌንሱ ጫፍ ሬዲየስ 50 ማይክሮን ከሆነ፣ ሬዲየሱን ለዴልታ እጥፍ ስናካፍል የአንዱ ሌንስ የፎከስ ርቀት 21 ሜትር ይመጣል። ሰባ ሌንስ ስንደረድር ወደ 30.3 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ግን እያንዳንዱ ሌንስ 2 ሚሊሜትር ስለሚይዝ ረድፉ 14 ሴንቲሜትር ይረዝማል። የርዝመቱ አንድ ስድስተኛ መደመር አለበትና ትክክለኛው 32.6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ምስሉን በሌለበት ሲፈልግ ይውላል።

ዲቴክተሩ ከረድፉ መሃል 6 ሜትር ላይ ከተተከለ ናሙናው ከመሃሉ 34.5 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ ማጉላቱም 17.4 እጥፍ ይሆናል። ዲቴክተሩ ሲንቲሌተር (ኤክስሬይን ወደሚታይ ብርሃን የሚቀይር)፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ኦብጀክቲቭ ሌንስና ባለ 6.5 ማይክሮን ፒክስል ካሜራ ካለው አንዱ ፒክስል ናሙናው ላይ 37 ናኖሜትር ገደማ ነው። በመካከል ያለውን ርቀት አየሩ በወጣለት ቱቦ ይሸፍኑት፤ 6 ሜትር አየር ከጨረሩ ከግማሽ በላይ ይውጣል።

አሁን ማስተካከሉ። መጀመሪያ ሌንሱ ሳይገባ ጨረሩ ካሜራው ላይ የሚያርፍበትን ፒክስል ይመዝግቡ። ቀጥሎ ሌንሶቹን ያለ ናሙና አስገብተው ረድፉን ወደ ጎንና ወደ ላይ በ20 ማይክሮን እርምጃ እያንቀሳቀሱ የሚያልፈውን ጨረር ይለኩ፤ ብርሃኑ በግማሽ የሚወርድባቸውን ሁለት ጫፎች ይያዙና መሃላቸው ላይ ያቁሙ። ከዚያ ዘንበል ማድረጉ በ0.05 ሚሊራዲያን (የማዕዘን መለኪያ) እርምጃ ይቀጥላል። የሌንሱ ክፍተት 440 ማይክሮን ብቻ ነው፤ 0.5 ሚሊራዲያን መዛነፍ የረድፉን መግቢያና መውጫ በ70 ማይክሮን ያለያያል፣ ምስሉም በአንድ ጎኑ ይጨልማል። መዞሪያው ከረድፉ መሃል ጋር እምብዛም ስለማይገጥም ሲያዘነብሉት ቦታውም ይስታል። ስለዚህ ሁለቱን እያፈራረቁ ለውጥ እስኪያጡ ይደጋግሙ። ይህን ሥራ በጥድፊያ ጨርሶ ወደ ፎከስ መሄድ ከንቱ ድካም ነው።

ፎከሱን በኮከብ ቅርጽ በተሠራ የወርቅ መፈተሻ ይፈልጉ። ረድፉን በጨረሩ አቅጣጫ በ0.2 ሚሊሜትር እርምጃ ያንቀሳቅሱ እንጂ ካሜራውን አይንኩ፤ ካሜራውን 6 ሴንቲሜትር መግፋት የናሙናውንና የሌንሱን ርቀት 0.2 ሚሊሜትር ከመቀየር አይበልጥም። ምስሉ ሲጠራ ናሙናውን 10 ማይክሮን ይግፉት፤ ምስሉ በተቃራኒው አቅጣጫ 267 ፒክስል ገደማ መሄድ አለበት። ቁጥሩ በጉልህ ከተለየ ወይ ርቀቱ ወይ ኢነርጂው ካሰቡት ውጭ ነው።

ኢነርጂ እዚህ ምሕረት የለውም፤ የፎከስ ርቀቱ በኢነርጂው ካሬ ልክ ያድጋል። ከጨረሩ አንድ ኢነርጂ መርጦ የሚያሳልፈው የሲሊከን ሞኖክሮሜተር የኢነርጂውን ስፋት ወደ አሥር ሺህ አንድ ገደማ ስለሚያጠበው ችግር የለም። ብርሃን ለማብዛት ብሎ 1 በመቶ የኢነርጂ ስፋት የሚያሳልፍ መልቲሌየር (ከብዙ ስስ ንብርብር የተሠራ መስታወት) የተጠቀመ ግን ፎከሱ 6.5 ሚሊሜትር ላይ ይበተንበታል።

ሌላው የተለመደ ጣጣ ምስሉ ላይ የሚታይ ብጫቅጫቅ ነው። ቤሪሊየሙ ውስጥ ያሉ ክሪስታሎችና ጥቃቅን ባዶ ቦታዎች ጨረሩን ይበትናሉ። ከናሙናው በፊት የሚሽከረከር ወረቀት ማስቀመጥ በእጅጉ ያለዝበዋል፤ የቀረውን ያለ ናሙና በተነሣ ምስል ማካፈል ያነሣዋል። ኮከቡ መሃል ላይ ጠርቶ ጠርዙ ላይ የሚደበዝዝ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መዛነፉን እንጂ ሌንሱን አይጠርጥሩ።

የቤሪሊየም ብናኝ ሳንባን ይጎዳል። ሌንሱን አይፋቁ፣ አይብሱ፣ በባዶ እጅ አይንኩ፤ በናይትሮጅን ወይም በቫኪዩም ውስጥ ይሥራ፣ ኃይለኛ ጨረር አየር ውስጥ ሲያገኘው ገጹ ኦክሳይድ ይሆናልና። የተሰበረ ካለ ሳይጠርጉ የደህንነት ኃላፊውን ይጥሩ።