«ክሌምድ» የምትለዋን ቃል ሳታውቁ የዜግነት ማመልከቻውን ኤን-400 አትሙሉ

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ አሜሪካ የገባ ሰው «ክሌም» የሚለውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው በታክስ ወቅት ነው። «ልጆችህን ክሌም አደረግህ?» ሲባል በጥገኝነት አስመዘገብሃቸው ወይ ማለት ነው። አንድን ልጅ በአንድ ዓመት ሁለት ሰው ሊያስመዘግበው ስለማይችል ተለያይተው የሚኖሩ ወላጆች አስቀድመው ይስማሙ።

የቃሉ ኃላፊ ጊዜ «ክሌምድ» በዜግነት ማመልከቻው ላይ ሲመጣ ግን ከልጅም ከታክስም ጋር አይገናኝም። በጽሑፍም ሆነ በሌላ መንገድ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ብላችሁ ታውቃላችሁ ወይ ማለት ሲሆን፣ «ኤቨር» (መቼም ቢሆን) ስለተጨመረበት የሚጠይቀው ስለ ዕድሜያችሁ ሁሉ ነው። በዜግነት ቃለ መጠይቁ ላይ ኦፊሰሩ ፈጠን አድርጎ ሲያነበው፣ የታክሱን ትርጉም ብቻ የሚያውቅ ሰው «አዎ፣ ሁለት ልጆች» ብሎ ቢመልስ አይደንቅም። ያልገባችሁን ጥያቄ ይድገሙልኝ ማለት ይፈቀዳል።

ወጥመዱ የሚጠመደው ግን ከቃለ መጠይቁ ዓመታት ቀድሞ፣ መንጃ ፈቃድ በምታወጡበት መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ መሠረት በአብዛኞቹ ግዛቶች መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው በዚያው ለመራጭነት እንዲመዘገብ ዕድል ይሰጠዋል። ግሪን ካርዳችሁን በእጇ የያዘችው ሠራተኛ እንኳ ከልማድ ልትጠይቃችሁ ትችላለች፤ «ዜጋ ነኝ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋችሁ ከፈረማችሁ ግን የሚጠየቀው ፈራሚው እንጂ እርሷ አይደለችም። የማውቀው አንድ ሾፌር የመራጭ ካርድ በፖስታ ሲደርሰው መንግሥት ያከበረው መስሎት ለጓደኞቹ ሁሉ አሳየ፤ ያንን ካርድ ለጠበቃ ማስረዳት የነበረበት ኋላ ዜግነት ሲጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30 ቀን 1996 ወዲህ ለሕግ ጥቅም ሲባል በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርር የሚችል ሲሆን፣ ይቅር የሚባልበት መንገድም እጅግ ጠባብ ነው። ሥራ ስትቀጠሩ በምትሞሉት አይ-9 ላይም ያው አደጋ አለ፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ሳጥን ሦስተኛው ነው።

ለስልክ ውል አሥር ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ኤን-400ን ለፎርም ሞይ ሰጥቶ ሳያነብ ሲፈርም ማየት ያናድዳል። «ዜጋ ነኝ» ብላችሁ ፈርማችሁ ከሆነ አትካዱ፤ በመሐላ መዋሸት ሌላ ጥፋት ይጨምራል። ማመልከቻውን ከመላካችሁ በፊት የመራጭነት ምዝገባችሁን ቅጂ ከምርጫ ቢሮው አውጡና የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይመልከተው።